ካሜራ ይዘሽ ችሎት ስትገቢ ከምስሉ በፊት ድምፁን አስቢ

ሰላም እህቴ። «ዳኛው ቀረጻ ፈቅደዋል፤ ካሜራ ይዤ ችሎት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው፤ ምን ልያዝ፣ ከምንስ ልጠንቀቅ?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። ሁሉም ስለ ካሜራው ይጨነቃል፤ እኔ ግን የምፈራልሽ ማይኩን ነው። የማይገባ ምስል ከመተላለፉ በፊት ይቆረጣል። ተከሳሽ ለጠበቃው ያንሾካሾከው ነገር ግን ባይተላለፍም እንኳ ከተቀረጸ ምስጢሩ ወጥቷል።

ስለዚህ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ድምፅ መቅረጽ ለብቻው ተጠቅሷል? በቀጥታ ማስተላለፍስ? የሚያገለግለው ለየትኛው ቀጠሮ ነው? ምስል ተፈቀደ ማለት ድምፅ ተፈቀደ ማለት አይደለም። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ለምሳሌ ፎቶ ማንሳትን የሚከለክለው እ.ኤ.አ. የ1925 ሕግ ነው፤ ድምፅ መቅረጫን ያለ ፈቃድ መጠቀምን የሚከለክለው ደግሞ ሌላ፣ የ1981 ሕግ ነው።

ደንቡ እንዲህ የጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኢስቴስ በተባለ ተከሳሽ ጉዳይ የጥፋተኝነት ውሳኔውን የሻረው በካሜራ ሳቢያ ነው። በቅድመ ክርክሩ ቢያንስ 12 ካሜራማኖች ነበሩ፤ ወለሉ ገመድ በገመድ ሆኖ፣ ሦስት ማይክ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ሌሎቹ ወደ ጁሪው (ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው የሚወስኑት ተራ ዜጎች) መቀመጫና ወደ ጠበቆቹ ዞረው ነበር። ያው ፍርድ ቤት በ1981 ቻንድለር በተባለ ተከሳሽ ጉዳይ ካሜራ መኖሩ ብቻውን ፍርድ አያዛባም አለ። ያኔ የታየው የፍሎሪዳ ደንብ የሚፈቅደው አንድ የቴሌቪዥን ካሜራና አንድ ባለሙያ ነበር። ተጨማሪ መብራት የለም፣ ከቦታ መነሳት የለም፣ ችሎት ላይ ሌንስ መቀየር የለም፤ ድምፁም ከፍርድ ቤቱ ከራሱ ሲስተም ይወሰዳል። ጣቢያዎች ከበዙ ከአንዱ ካሜራ ይካፈላሉ። ዛሬም በብዙ ቦታ የምታገኚው ይህንኑ የሚመስል ነው።

ወደ ሥራው ልምጣ። የራስሽን ገመድ አልባ ማይክ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪ፤ ጠበቃው ሚዩት (የማይኩን ድምፅ መዝጊያ) ሲጫን የፍርድ ቤቱ ማይክ ይዘጋል፣ ያንቺ ግን ክፍት ነው። ካሜራው ላይ የተገጠመውንም ማይክ ዝጊው። ከፍርድ ቤቱ ሚክሰር (የማይኮቹን ድምፅ ከሚያቀላቅለው መሣሪያ) የድምፅ መስመር ጠይቂ፤ ከዚያ ቴክኒሻኑ የጠበቃውን ማይክ ሚዩት ያድርግና እየተናገረበት በጆሮ ማዳመጫ ስሚ። አሁንም ድምፅ ከመጣ መስመሩ የወጣው ከሚዩቱ በፊት ነው፤ እስኪስተካከል አትቅረጪበት።

መስመሩን ስትሰኪ የካሜራውን መግቢያ ከ«ማይክ» ወደ «ላይን» (ከሚክሰር ለሚመጣው ጠንካራ ሲግናል የተሠራው) ቀይሪ። ከረሳሽው ድምፁ ይሰነጣጠቃል፤ የተበላሸው መግቢያው ላይ ስለሆነ የቀረጻውን ሌቭል ማውረድ አያድነውም። 48 ቮልት ፋንተም (ካሜራው ለማይክ በገመዱ የሚልከው ኤሌክትሪክ) መጥፋቱንም ሳታረጋግጪ አትሰኪ፣ ሚክሰራቸውን ሊጎዳ ይችላል። «እምምም» የሚል ድምፅ ከመጣ ካሜራውን ከግድግዳ ሶኬት ነቅለሽ በባትሪ ሞክሪ፤ ካልጠፋ የድምፅ ትራንስፎርመር (ሁለቱን መሣሪያዎች በኤሌክትሪክ የሚለያይ) መሃል ላይ አስገቢ።

ምስሉ ይቀላል። ችሎቱ ሳይሰየም ትራይፖዱን ትከዪ፣ ገመዱን በሰፊ የጨርቅ ፕላስተር ወለሉ ላይ ለጥፊ፣ ቀዩን መብራትና ቢፑን አጥፊ። የመብራት ኃይሉ 50 ኸርዝ ከሆነ ሻተሩን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ፣ 60 ከሆነ 1/60 አድርጊው፤ አለዚያ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል። አብሮሽ ፎቶ አንሺ ካለ ድምፅ የሌለው ኤሌክትሮኒክ ሻተር በአንዳንድ የኤልኢዲ መብራት ሥር ፎቶው ላይ ሰንበር እንደሚያወጣ ንገሪው፣ አስቀድሞ ይሞክረው። የጁሪ ፊት፣ ልጆች፣ ጠረጴዛ ላይ ያለ ወረቀት፦ እነዚህ ላይ ዙም አታድርጊ።

ቀጥታ ስርጭት ከተፈቀደልሽ ምስክሮቹን አስቢ። ውጭ የሚቆዩት አንዱ የሌላውን ቃል እንዳይሰማ ነው፤ ኮሪደር ላይ በስልክ ከተከታተሉት ያ ጥበቃ ፈረሰ ማለት ነው። የምስክር ቃል ሲሰማ ስርጭቱ ይቁም ወይ ብለሽ ሬጅስትራሩን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ዳኛው ለዕረፍት ሲነሱ ደግሞ ወዲያው መቅረጹን አቁሚ፣ የጆሮ ማዳመጫውንም አውልቂ። ጠበቆቹ ከደንበኞቻቸው ጋር ማውራት የሚጀምሩት ያኔ ነው፤ ማይኮቹን ሁሉም አስታውሶ አይዘጋም።