ብዕሩን ከፍራንክፈርት፣ ወረቀቱን ከአዳማ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ መምህር ነኝ። በሚቀጥለው ወር ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ፍራንክፈርት እሄዳለሁ። አባቴ ቀለም በሚሞላ ብዕር ነበር የሚጽፉት፤ እኔም አንድ ገዝቼ መምጣት እፈልጋለሁ። የትኛውን ልግዛ? ቀለሙስ አውሮፕላን ላይ አይፈስም?

መልስ፦ መምህር፣ የሚሄዱበት አገር ለዚህ ነገር የታደለ ነው። ጀርመን ብዙ ልጆች ጽሕፈት የሚለማመዱት በዚሁ ብዕር ስለሆነ ተራ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ያገኙታል። እሁድ ግን ሱቅ ዝግ ነው፣ ለመጨረሻው ቀን እንዳያስቀምጡት።

ለጀማሪ እኔ የምመክረው ላሚ ሳፋሪን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የሚሸጥ፣ የማያስቸግር ብዕር ነው። ሲገዙ ከጠርሙስ ቀለም የሚስበውን ኮንቨርተር ለብቻው ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አብሮ አይመጣም። ካርትሪጁ (ቀለም ተሞልቶ የሚሸጠው፣ ብዕሩ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ቱቦ) የራሱ የላሚ ስለሆነ ካለቀብዎት አዳማ ዞረው ላያገኙት ይችላሉ።

ዋናው ጉዳይ ጫፉ ነው። ‹ኢ ኤፍ› የሚል የላቲን ፊደል የተቀረጸበትን ቀጭኑን ይውሰዱ። ፈረንጅ በወፍራም ጫፍ ቢጽፍ ፊደሉ ይችላል፣ የኛ ግን የ‹ቤ› ቀለበት በቀለም ይደፈንና ‹ቢ› ይመስላል። እባክዎ ከዚህ ሲሄዱ ከተማሪ ደብተር ሁለት ሉክ ቀደው ይያዙ። የሱቁ መሞከሪያ ወረቀት ለስላሳ ነው፣ ማንኛውም ብዕር ያምርበታል፤ የኛ ደብተር ግን ቀለም ይጠጣል። ጫፉን ነክረው መሞከር እንደሚፈልጉ ይንገሯቸውና በራስዎ ወረቀት ላይ ‹ሌ፣ ቤ፣ ሴ› ብለው ይጻፉ። ከጀርባ ከወጣ ሌላ ቀለም ይሞክሩ።

ቀለም ፔሊካን 4001 ይበቃዎታል። ደማቅ ሰማያዊው ውሃ ሲነካው ይለቃል፣ ስለዚህ ሮስተር የሚሞሉበት ከሆነ ሰማያዊ ጥቁሩን ይግዙ። ትንሿ ጠርሙስ 30 ሚሊ ሊትር ናት፣ ለእጅ ሻንጣ ከተፈቀደው 100 ሚሊ ሊትር በታች። ብቻ ክዳኑን አጥብቀው በሁለት ፌስታል ይጠቅልሏት።

መፍሰሱን በተመለከተ፣ የሚያሰጋው መመለሻው ነው። ቦሌ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአውሮፕላኑ ውስጥ የአየር ግፊት ከአዲስ አበባው ብዙም አይርቅም። ፍራንክፈርት ግን ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ 100 ሜትር አካባቢ። እዚያ ግማሽ ተሞልቶ የተነሳ ብዕር ውስጥ ያለው አየር ሰማይ ላይ ሲለጠጥ ቀለሙን በጫፉ ይገፋዋል። እኔ ነጭ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ አድርጌው መጥቼ፣ ቦሌ ስደርስ ደረቴ ላይ የመዳፍ ያህል ሰማያዊ ነበር። ባዶውን አጥበው ያምጡት።

እዚህ ሲደርሱ ደግሞ ሙቀቱን ያስቡ። ሰማያዊ ጥቁሩ ውስጡ ብረት አለበት፣ ደርቆ ከቀረ ጫፉን ይዘጋዋል። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቀለሙን ደፍተው፣ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ አጥበው ያስቀምጡት።