ጠይቁን፦ የጥበብ ጥርስ ሲነቀል

ስለ ጥበብ ጥርስ፣ ማለትም ከሁሉም ዘግይቶ በጥግ በኩል ስለሚወጣው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ፣ ብዙ ጥያቄዎች ደርሰውናል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ የታችኛው የጥበብ ጥርሴ በግማሽ ወጥቶ ቀርቷል። አሁን አያመኝም። የፊት ጥርሶቼን ገፍቶ ሳያጣምም ላስነቅለው?

መልስ፦ ለዚህ ብለው አያስነቅሉት። የታችኛው የፊት ጥርሶች ከዕድሜ ጋር መደራረባቸው የጥበብ ጥርስ ፈጽሞ ባልወጣላቸው ሰዎችም ላይ ይታያል። በግማሽ ወጥቶ መቅረቱ ግን ሊታሰብበት ይገባል። ጥርሱን በከፊል የሸፈነው ድድ ሥር ምግብና ባክቴሪያ ይጠራቀማል፤ ብሩሽ አይደርስበትም። ድዱ ደጋግሞ የሚያብጥና መግል የሚይዝ ከሆነ፣ ወይም ጥርሱ ተጋድሞ ከፊቱ ያለው መንጋጋ ጥርስ እንዲበሰብስ ካደረገ፣ መነቀል አለበት። ሙሉ በሙሉ አጥንት ውስጥ የተቀበረና ጤነኛ የሆነ ጥርስ ደግሞ በየጊዜው በራጅ እየታየ ሊቆይ ይችላል። መነቀሉ የማይቀር ከሆነ በወጣትነት ይቀላል፤ ዕድሜ ሲገፋ አጥንቱ ይጠነክራል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም።

ጥያቄ፦ ራጅ ተነስቼ የጥርሱ ሥር ለነርቭ ቅርብ ነው ተባልኩ። ፊቴ ይጣመም ይሆን?

መልስ፦ አይጣመምም። በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ይህ ነርቭ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነው፤ የፊት ጡንቻዎችን አያንቀሳቅስም። ቢነካ የሚመጣው መደንዘዝ ወይም መውረር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ አልፎ አልፎ ግን ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሥሩና ነርቩ የተነካኩ ከመሰሉ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል ወይ? የጥርሱን አናት ብቻ ቆርጦ ሥሩን እዚያው መተውስ ይቻላል ወይ? ይህ ሁለተኛው ለሁሉም ጥርስ አይሆንም፤ ሥሩ የተበከለ ወይም የሚነቃነቅ ከሆነ አይሠራም።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ በራስዎ ውሳኔ ግን አያቋርጡ። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡትን እንደ አሌንድሮኔት ያሉ መድኃኒቶች ብዙ ሰው ከጥርስ ጋር ስለማያያይዛቸው ሳይናገር ይቀራል። ከነቀላ በኋላ የመንጋጋ አጥንት እንዳይድን ሊያደርጉ ስለሚችሉ የግድ ይጠቀሱ።

ጥያቄ፦ ከተነቀለ በኋላ ባሉት ቀናት በትክክል ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥርሱ የነበረበትን ጉድጓድ የሚሞላው የረጋ ደም ነው። አጥንቱንና የነርቭ ጫፎችን ይሸፍናል፤ አዲሱ ሥጋም የሚበቅለው በእርሱ ላይ ነው። የሚከለከለውም የሚፈቀደውም ነገር ሁሉ ይህን የረጋ ደም ለማቆየት ነው።

ጎዙን (የቁስል ጨርቁን) ቁስሉ ላይ በትክክል አድርገው ሳይፈቱ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይንከሱ። በየደቂቃው እያወጡ ማየት ደሙን እንደገና ይቀሰቅሰዋል። ምራቅ ቀይ መሆኑ አያስደንግጥ፤ ትንሽ ደም ብዙ ምራቅ ያቀላል። አፍ የሚሞላ ደም ከመጣ ግን ቀና ብለው ተቀምጠው አዲስ እርጥብ ጎዝ ለ30 ደቂቃ አጥብቀው ይንከሱ፤ ካልቆመ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አይጉመጥመጡ፣ በኃይል አይትፉ፣ በስትሮ አይጠጡ፤ መሳቡም መትፋቱም የረጋውን ደም ይነቅለዋል። ሲጋራ ቢያንስ ለሦስት ቀን፣ ቢቻል ለሳምንት ይቅር። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ለ20 ደቂቃ ጉንጭዎ ላይ ይያዙ፣ ለ20 ደቂቃ ያሳርፉ፤ የሚጠቅመው በመጀመሪያው ቀን ነው። እብጠቱ የሚብሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ስለሆነ ከነቀላው ማግሥት ፊትዎ ጨምሮ ቢያገኙት ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

የሕመም ማስታገሻውን ማደንዘዣው ሳይለቅ ይጀምሩ፤ ሕመም ሥር ከሰደደ በኋላ ማስታገሥ ይከብዳል። ለአብዛኛው አዋቂ 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን ከ500 እስከ 1,000 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ጋር አብሮ መውሰድ አንዱን ብቻ ከመውሰድ የተሻለ ያስታግሳል። ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ከ4,000 ሚሊ ግራም አይለፍ። የጨጓራ ቁስል፣ የኩላሊት ሕመም ወይም እርግዝና ካለ አይቡፕሮፌን ሳይጠይቁ አይውሰዱ። አስፕሪን ደም ስለሚያቀጥን ለዚህ ሕመም አይመረጥም።

ከማግሥቱ ጀምሮ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው ከምግብ በኋላ አፍዎ ውስጥ ይያዙት። ጭንቅላትዎን ግራና ቀኝ ዘንበል እያደረጉ ውሃው ራሱ እንዲያጥበው ይተዉት፤ ከዚያ አፍዎን ከፍተው ያፍስሱት። ሌሎቹን ጥርሶች መቦረሽ አያቁሙ።

ጥያቄ፦ እየተሻለኝ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን ጆሮዬ ድረስ የሚወጋ ሕመም ጀመረኝ። አፌም መጥፎ ጠረን አለው።

መልስ፦ የገለጹት ነገር ሐኪሞች ድራይ ሶኬት የሚሉትን ይመስላል፦ የረጋው ደም ተነቅሎ ወይም ሟሙቶ አጥንቱ ተጋልጧል። ሕመሙ በየቀኑ መቀነስ ሲገባው በሁለተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል መባሱ ዋናው ምልክት ነው። የታችኛው ጥርስ ላይ ይበዛል፤ አጫሾችና የወሊድ መከላከያ ክኒን የሚወስዱ ሴቶች ላይም እንዲሁ። ራሱ ኢንፌክሽን ስላልሆነ ቤት ያለ አንቲባዮቲክ መዋጥ አይጠቅምም። ሐኪሙ ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት የተቀባ ጎዝ ያስቀምጥበታል፤ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይቀላል። ይህ ሕክምና ቀላል ስለሆነ ችለው አይቀመጡ።

ትኩሳት፣ መግል፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚጨምር እብጠት ግን የኢንፌክሽን ምልክት ነው። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የላይኛው ከተነቀለ በኋላ ውሃ ስጠጣ በአፍንጫዬ ይወጣል።

መልስ፦ የላይኛውን ጥርስ ሥር ከሳይነስ (ከአፍንጫ ጋር ከሚገናኘው በጉንጭ አጥንት ውስጥ ያለ ክፍት ቦታ) የሚለየው ስስ አጥንት ነው፤ እርሱ ተከፍቷል ማለት ነው። አፍንጫዎን አይናፈጡ፣ ማስነጠስ ሲመጣ አፍዎን ይክፈቱ፣ ነገ ዛሬ ሳይሉም ለሐኪሙ ያሳዩ። ትንሽ ቀዳዳ በራሱ ይዘጋል፤ ትልቁ ግን በስፌት ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ሳምንት አልፎኛል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ምግብ ይገባል። በስንጥር ላውጣው?

መልስ፦ አያውጡ። ከታች በኩል ያለው ጉድጓድ ምግብ መያዙ የተለመደ ነው። ሐኪምዎ ከፈቀደ፣ መርፌ የሌለው ጫፉ የታጠፈ ሲሪንጅ ለብ ያለ የጨው ውሃ ሞልተው፣ ከምግብ በኋላ ቀስ ብለው ያጥቡት። ውስጡ የሚታየው ነጭ ወይም ቢጫ ነገር አብዛኛውን ጊዜ እየዳነ ያለ ሥጋ ስለሆነ አይፋቁት። ድዱ በሦስትና በአራት ሳምንት ገደማ ይገጥማል፤ አጥንቱ እስኪሞላ ግን ወራት ይፈጃል።