«አንቺ እኮ ፈጣን ነሽ» እያለ ሥራውን ይተውልኛል

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ አስመጪ ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ክፍሉ ውስጥ እኔና አንድ ልጅ ነን። የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ፣ ማለትም የእኛን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር፣ የእሱ ድርሻ ነው። ወር ባለቀ ቁጥር ግን «አንቺ እኮ ፈጣን ነሽ፣ አንዴ እይልኝ» ብሎኝ ውልቅ ይላል። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ስላለቀ አሁን ሂሳብ መዝጊያ ላይ ነን። ባለፈው ሳምንት እሱ 11 ሰዓት ላይ ወጣ፤ እኔ እስከ ማታ 2 ሰዓት ቆየሁ። ምሳ አብረን ነው የምንበላው። እናቴ ስትታመም ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ጠይቋታል። ለአለቃ እንዳልናገር ይሉኝታ ይይዘኛል። ዝም ማለቱም ከበደኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሉኝታሽ ይገባኛል። እናትሽን የጠየቀን ሰው መክሰስ ይከብዳል። ግን የዚያ ውለታ ብድር የሚመለሰው እሱ ሲቸገር ደርሰሽለት ነው እንጂ ሥራውን በየወሩ ሠርተሽለት አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ በሠራሽው ማስታረቂያ ላይ፣ «ያዘጋጀው» የሚለው ቦታ የሚፈርመው ማነው? እሱ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ደርሶብኝ ነው የምነግርሽ። ወጣት ሳለሁ የባልደረባዬን ማስታረቂያ ዓመት ሙሉ ሠርቼለታለሁ። እሱ ይፈርማል። ፈቃድ ወጥቶ ሳለ ኦዲተር መጣና ለወራት ያልተመነዘረ ቼክ አገኘ። ፊርማው የእሱ ነው፤ በእርሳስ የተጻፈው ግን በሙሉ የእኔ እጅ ጽሑፍ። ማብራሪያ ጻፊ የተባልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ማምሸትሽንም እይው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ሰዓት የሚባለው አሠሪው በግልጽ አዝዞሽ ስትሠሪ ነው። በሥራ ቀን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው በመደበኛው የሰዓት ደመወዝ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። አንቺን ግን ማንም አላዘዘሽም። አለቃሽ ማምሸትሽን እንኳ አያውቅም።

ስለዚህ ከምሳ በኋላ ቡና ስትጠጡ፣ ሰው ሳይኖር ንገሪው። «ሰነፍ ነህ» አትበይው። «የሰኔን የባንክ ማስታረቂያ አንተ ነህ የምትሠራው። የሚያስቸግርህ ካለ ሐሙስ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል አብሬህ እቀመጣለሁ» በይው። ምናልባት ሥራውን በደንብ ስለማይችለው ይሆናል የሚሸሸው፤ አፍሮ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ፣ ሲያሳዩዋቸው ይለምዱታል። ብቻ አብረሽው ስትቀመጪ ኪቦርዱን እንዳትነኪ! እጅሽ ኪቦርዱ ላይ ካረፈ ሥራው ተመልሶ ያንቺ ነው።

ሐሙስ አልፎም ካልሠራው አንቺ አትጨርሺው፤ ክፍት ይቆይ። ለአለቃሽም «የሰኔ የባንክ ማስታረቂያ አልተዘጋም፣ የሥራ ድርሻችን በጽሑፍ ይሰጠን» በይ። ስለ ልጁ ጠባይ አንድም ቃል አታንሺ። ይህ ክስ አይደለም፤ የሥራ ሪፖርት ነው።

እናትሽስ እንዴት ናቸው? ተሽሏቸው ከሆነ ጻፊልኝ።