ባባ ለአሚር ለምን ቀዘቀዘ?
በካሊድ ሆሴኒ «ዘ ካይት ራነር» ልቦለድ የአገልጋዩ ልጅ የሚባለውን የሐሰንን ልደት ረስቶ የማያውቀው ባባ ለገዛ ልጁ ለአሚር ለምን እንደሚቀዘቅዝ ለጽሑፍዎ ላነሡት ጥያቄ መልሱ፣ የባባ ወዳጅ ራሒም ኻን ፓኪስታን ውስጥ ፔሻዋር ላይ ለአሚር የገለጠው ምስጢር ነው፤ ሐሰንም የባባ ልጅ ነው። ከአፍጋኒስታን የበላይ ብሔር ከፓሽቱን የሆነው ባባ፣ ከተናቀው የሃዛራ ብሔር ከሆነው አገልጋዩ ከአሊ ሚስት የወለደውን ልጅ በዚያ ዘመን ካቡል በአደባባይ «ልጄ» ሊለው ስላልደፈረ፣ ሀብትና ክብሩን ያለ ጥያቄ የሚወርሰውን አሚርን ባየ ቁጥር የራሱ በደል ይታየው ነበር። ከስርቆት በቀር ኃጢአት የለም ብሎ ያስተማረው እርሱ (ይህን ልብ ይበሉልኝ) የሰው ሚስት፣ የልጁንም እውነት የሰረቀ ነው።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። እኔ መጀመሪያ ሳነበው የካቡሉን ክፍል ብቻ ይዤ ባባን ጨካኝ አባት ብዬ ፈርጄበት ነበር። ፍሪሞንት፣ ካሊፎርኒያ ከተሰደዱ በኋላ በነዳጅ ማደያ ተቀጥሮ ልጁን የሚያስተምረውን፣ በካንሰር ታሞም ሽማግሌ ሆኖ ሙሽራ የሚጠይቅለትን ባባ ሳያነብቡ ጽሑፍዎን አይጀምሩ።