ሻዩም ይከፈልበታል፦ ስለ ዲም ሰም የጠየቃችሁኝ

ሆንግ ኮንግን ስለሚረግጡ መንገደኞች በጻፍኩት ላይ ዲም ሰምን በአንድ አንቀጽ ነካ አድርጌ ማለፌ ነው ጣጣውን ያመጣው። ጥያቄው ጎረፈ። ላልሰማችሁ፦ ዲም ሰም የደቡብ ቻይና ሰዎች፣ በተለይ የጓንግዶንግና የሆንግ ኮንግ ሕዝብ፣ ከረፋድ እስከ ምሳ ከሻይ ጋር የሚበሉት ነው። በትንንሽ የቀርከሃ ቅርጫት በእንፋሎት በስሎ፣ ሦስት ሦስት አራት አራት ፍሬ እየሆነ ይመጣል። የተጠበሰና የተጋገረም አለው። ደብዳቤዎቻችሁን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን በጣም።

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ በሆቴሉ በኩል ውድ ቤት ውስጥ "ለ6 ሰዓት" ቦታ ያዘ። እኩለ ቀን ላይ ሲደርስ "ስምዎ የለም፣ ሞልቷል" ተባለ። ማታ ተመልሶ ሲሄድ ስሙ ተገኘ፣ ዲም ሰሙ ግን የለም። "ሸውደውኝ ነው?" ይላል።

መልስ፦ ማንም አልሸወደህም፤ በሀበሻ ሰዓት ቀጥረሃቸው ነው። አንተ 6 ስትል እነሱ የሰሙት የእኛን የምሽት 12 ሰዓት ነው። ከፍ ያሉት የሆንግ ኮንግ ቤቶች ዲም ሰም የሚያቀርቡት በአብዛኛው ለምሳ ብቻ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ5 ተኩል ወይም ከ6 ገደማ እስከ 8 ሰዓት ተኩል። ማታ ሜኑውም ዋጋውም ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈችልኝ አንባቢ ቢሉን ፎቶ አንስታ ልካለች። ያላዘዘችው ሻይ በሰው ቁጥር ተባዝቶ ተይዟል። ገና ስትቀመጥ የቀረበላት የኦቾሎኒ ሳህንም እንዲሁ። ከሥር ደግሞ 10 ከመቶ ተጨምሯል።

መልስ፦ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ደንቡ ነው። ሻይ በየሰው ይታሰባል፤ ጠጣሽም አልጠጣሽም የተቀመጥሽበት ነው በይው። 10 ከመቶው የአገልግሎት ነው፤ ስለዚህ ሌላ ጉርሻ መተው ግዴታሽ አይደለም። ኦቾሎኒው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኦቾሎኒ፣ አቻር፣ በትንሽ ሳህን የሚመጣ ቃሪያ ሶስ፦ ሳትነኪው "አልፈልግም" ካልሽ ያነሱታል፣ ከሒሳቡም ይወጣል። ሻዩንም አንቺ ነሽ የምትመርጪው። ዝም ካልሽ አብዛኛውን ጊዜ ጃስሚን ይመጣል። እኔ የምመርጠው ፑ ኧር ነው፤ ጠቆር ያለ፣ አፈር አፈር የሚል፣ ከቅባት ምግብ ጋር የሚስማማ። ዋጋው ከሻይ ሻይ ስለሚለያይ አስቀድመሽ ጠይቂ። አስተናጋጁ አሥር ዓመት ተቀምጦ ያረጀ ሻይ አምጥቶልሽ ቢሉን ስታዪ ከምትደነግጪ፣ "ይሄ ስንት ነው?" ማለት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሹካ መጠየቅ ያሳፍራል?

መልስ፦ አያሳፍርም። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሻይ ሲቀዳላቸው ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ይቆረቁራሉ። ተናደውብኝ ይሆን?

መልስ፦ እያመሰገኑህ ነው። እንደሚተረከው፣ ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ማንነቱን ደብቆ ሲዘዋወር ለአሽከሩ ሻይ ቀዳለት። አሽከሩ መሬት ወድቆ እጅ ቢነሣ ንጉሡን ሊያጋልጥ ሆነ። ስለዚህ ጣቶቹን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ "አሰገዳቸው"። አንተም ሁለት ጣት ነካ ነካ አድርግ፣ ይበቃል። ማንቆርቆሪያው ሲያልቅ ደግሞ ክዳኑን ገለጥ አድርገህ ተወው፤ አስተናጋጁ ውኃ ይጨምርልሃል።

ጥያቄ፦ አንዲት እህት በፍልሰታ ጾም ሆንግ ኮንግ ለሥልጠና ትሄዳለች። አዘጋጆቹ በታወቀ ቤት ዲም ሰም ሊጋብዟቸው ነው። "ሜኑው ላይ የአትክልት የሚለውን ብቻ ባዝ አይበቃም? ማስቸገር አልፈልግም" ትላለች።

መልስ፦ አይበቃም። "ማስቸገር አልፈልግም" ወደምትለው በኋላ እመጣለሁ።

ከቅጠሉ እንጀምር። ቾይ ሰም የሚሉት አለ፤ ግንዱ ቀጠን ያለ ለምለም ጎመን። በሳህን ሲመጣ ከእሱ በላይ የጾም ነገር ያለ አይመስልም። ላዩ ላይ የፈሰሰው ቡናማ ነገር ግን ኦይስተር ሶስ ነው፤ ዛጎል ውስጥ ከሚኖር የባሕር እንስሳ የሚሠራ። ሶሱን አስቀሪው፤ ቅጠሉ የተነከረበት ውኃ ራሱ የዶሮ ወይም የአሳማ አጥንት መረቅ ሊሆን ይችላል። ሎ ባክ ጎ የተባለው የነጭ ራዲሽ ቂጣ ስሙ አትክልት ነው፤ ውስጡ የደረቀ ሽሪምፕና የአሳማ ቋሊማ ተከትፎበታል። በሰሊጥ የተሸፈነው የተጠበሰ ኳስ ውስጡ ጣፋጭ የባቄላ ወይም የሎተስ ፍሬ ልውስ ነው፤ ልውሱ ግን በአሳማ ሞራ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የማንጎ ፑዲንጉ ወተት አለው፣ ብዙ ጊዜም ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ጄላቲን። ሊጡም ቢሆን አያስተማምንም። ሃር ጋው የሚባለው የሽሪምፕ ዲም ሰም ሊጡ እንዲለሰልስ ትንሽ ሞራ ጣል ይደረግበታል። ይህ በፍስክም ቢሆን የሚመለከትሽ ይመስለኛል።

ታዲያ ምን ይበላል? ቻይኖችም ይጾማሉ። በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ሥጋ የማይነኩ ቡድሂስቶች ብዙ ናቸው፤ ወጥ ቤቱ ነገሩን ያውቀዋል። "የቡድሂስት ጾም" ብለሽ ብታዢ ሥጋው፣ ሞራውና መረቁ ይወጣል። ግን ልብ በይ፤ የእነሱ ጾም ወተትን፣ አንዳንዴም እንቁላልን ይፈቅዳል። ነጭ ሽንኩርትን ደግሞ ይከለክላል! ከእኛ ጋር እስከ መንገዱ አጋማሽ ነው የሚሸኝሽ። ስለዚህ የሆቴልሽን እንግዳ ተቀባይ በወረቀት ላይ በቻይንኛ አጽፊያት፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ሽሪምፕ፣ የእንስሳ ሞራ፣ የሥጋ መረቅ፣ ኦይስተር ሶስ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም። አንድ በአንድ። "ሥጋ አልበላም" ብቻ ካልሽ መረቁንና ሞራውን ማንም አያስታውስልሽም።

ወረቀቷንም ጠረጴዛ ላይ አትምዘዣት፤ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ትድረሳቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሊጡ የሚለወሰው፣ ልቡ የሚከተፈው፣ የሚጠቀለለውም ገና ከጠዋቱ ነው። አንቺ ስትቀመጪ ሁሉም ተጠቅልሎ ቅርጫት ውስጥ ገብቷል። ያኔ "ሽሪምፑን አውጡልኝ" ማለት ከተጋገረ ድፎ ውስጥ ጨው እንደማስወጣት ነው። አስቀድመው ካወቁ ግን በእንጉዳይ፣ ከአኩሪ አተር በሚሠራው ቶፉ፣ በቀርከሃ ቡቃያ ይሠሩልሻል፤ ደግሞ ይችሉበታል።

አሁን ወደ ይሉኝታሽ። እኛ ውድ ቤት ስንገባ ደንበኛ መሆናችንን ረስተን እንግዳ እንሆናለን። አስተናጋጁ ዘንጦ ቆሟል፣ ጠረጴዛው ነጭ ለብሷል፣ ድምፃችን ይጠፋል። የመጣውን እንቀበላለን። ከዚያ ወይ ሳይበሉ አስመስሎ መቀመጥ ነው፣ ወይ በልቶ ሲጸጸቱ ማደር። በዚህ ደረጃ ያለ ቤት ግን ቦታ ስትይዢ "የማይበሉት ነገር አለ?" ብሎ ራሱ ይጠይቃል። መልሱን ይፈልገዋል። ለጋባዦችሽም ቢሆን አስቀድሞ መስማት ይቀላቸዋል፤ አሥር ቅርጫት ታዞ አንድም ሳትነኪ ስትቀሪ ነው የሚሳቀቁት። ሰው የምታስቸግሪው ዝም ስትይ ነው።

ጊዜ ካገኘሽ ዳይመንድ ሂል በተባለው ሰፈር፣ ከቺ ሊን የመነኮሳት ገዳም አጠገብ ናን ሊያን የሚባል የአትክልት ሥፍራ አለ። ውስጡ ከፏፏቴ ሥር ሥጋ የማይገባበት ምግብ ቤት ታገኛለሽ። እዚያም ስለ ወተትና እንቁላል ጠይቂ። ሽሪምፕ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለነፍስ አባትሽ፤ እኔን አታስገቡኝ።

ጥያቄ፦ ከዱባይ፦ ሐላል ዲም ሰም አለ ወይስ ዝም ብዬ ሻይ ልጠጣ?

መልስ፦ አለ። ሆንግ ኮንግ ዋን ቻይ ውስጥ አማር መስጊድ የሚገኝበት እስላማዊ ማዕከል 5ኛ ፎቅ ላይ ካንቲን አለው፤ ሐላል ዲም ሰም ይቀርብበታል። መብራቱ የካንቲን መብራት ነው፣ ወንበሩም የካንቲን። ምግቡ ግን እውነተኛ ነው፣ ለምሳም ይጋፉበታል። በውድ ሆቴሎች ከአሳማው ሌላ የሩዝ ወይኑን አትርሺ፤ ዶሮውም ሽሪምፑም ብዙ ጊዜ በሻዎሺንግ ወይን ይታሻል። "አሳማ የለውም" መባሉ ብቻ አይበቃሽም።

ጥያቄ፦ ባለቤቷ ሽሪምፕ ሲበላ ከንፈሩ ያብጣል፣ አንዴም ትንፋሽ አጥሮታል። "ለጉዞው ትዝታ አንዷን ብቻ ቢቀምስስ?"

መልስ፦ አይቅመስ። እህቴ፣ ትንፋሽ ያሳጠረ አለርጂ በትዝታ አይቀለድበትም። ዲም ሰም ቤት ደግሞ ለእሱ ከባድ ቦታ ነው። ሽሪምፕ በሃር ጋው ብቻ አይወሰንም። ከአሳማ በሚሠራው ሲው ማይ ውስጥም አለ። በቶፉና በደበርጃን ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ይገባል። ኤክስ ኦ የሚባለው ሶስ የደረቀ ሽሪምፕ አለው። ቅርጫቶቹ እንፋሎቱ ላይ ተደራርበው ነው የሚበስሉት፤ የላይኛው ወደ ታች ይንጠባጠባል። መጥበሻው ዘይትም አንድ ነው። ከጉዞው በፊት የአለርጂ ሐኪም ይየው፤ ይህን ለወጉ አይደለም የምለው። አድሬናሊን መርፌ ከታዘዘለት ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ይሁን። ሐኪሙ ሌላ ምግብ ቤት ምረጡ ካለ ደግሞ ምረጡ። የአደጋ ጊዜ ስልክ በሆንግ ኮንግ 999፣ በዋናው ቻይና ለአምቡላንስ 120 ነው። ሁለታችሁም ስልካችሁ ላይ ያዙት።

ጥያቄ፦ ደም ግፊት ያለባቸው አባት፦ ልብላ?

መልስ፦ ሶያ ሶሱን ይተዉት፣ አባቴ፤ ጨው ነው። የቀረውን ሐኪምዎ ያውቃል።

ጥያቄ፦ የሆንግ ኮንግ ቪዛ ስንት ቀን ይፈጃል?

መልስ፦ ይህ የምግብ ዓምድ ነው። ትኬት የቆረጠልህን ወይም ኤምባሲውን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ "ሊጥ ውስጥ የተጠቀለለ ሽሪምፕ ለምን ይህን ያህል ያወጣል?" የሚል ብስጩ ደብዳቤ።

መልስ፦ ግማሹን የምትከፍለው ለመስኮቱ ነው። ፎር ሲዝንስ ሆቴል ውስጥ ያለው ሉንግ ኪንግ ሂን በሼፍ ቻን ያን ታክ ዘመን፣ ምግብ ቤቶችን በኮከብ በሚመዝነው የሚሽሊን መመሪያ በ2009 እ.ኤ.አ. እትም ከፍተኛውን ሦስት ኮከብ ያገኘ የመጀመሪያው የቻይና ምግብ ቤት ሆነ። እዚያ ይሠራ የነበረው ማክ ክዋይ ፑይ በዚያው በ2009 ሞንግ ኮክ ሰፈር ውስጥ ቲም ሆ ዋን የተባለች ጠባብ ቤት ከፈተ። በዓመቱ እሷም ኮከብ አገኘች፤ በርካሽነቷም ዓለም አወቃት። ሰው በር ላይ ተሰልፎ ይውል ነበር። ያው እጅ ነው፤ ወደቡን እያየህ ብትበላው ዋጋው ሌላ፣ ተሰልፈህ ብትበላው ሌላ።

ቀሪው ግማሽ ግን የሥራ ዋጋ ነው። ሃር ጋውን ቀርበህ እየው። ሊጡ ከስንዴ ስታርች ስለሚሠራ ሲበስል ያሳልፋል፤ የሽሪምፑ ቀይ ቀለም ከውስጥ ይታያል። ጫፉ ላይ እጥፋቶቹን ቁጠር፤ ጥሩ ባለሙያ ከሰባት በላይ፣ አሥርና ከዚያም በላይ ያጥፋል። ከዚያ በቾፕስቲክ አንሳው። ከቅርጫቱ ወረቀት ጋር ከተጣበቀ ወይም ሆዱ ከተቀደደ፣ ወደቡ የቱንም ያህል ቢያምር ገንዘብህ ባክኗል። ሳይቀደድ ከተነሣና ሽሪምፑ ከጥርስህ ሥር ቀጭ ካለ ግን ደብዳቤህን ታነሣለህ። የወፍ ጎጆና አባሎኒ (የባሕር ቀንድ አውጣ) የሚሉትን የሜኑ ገጽ ግን ዝለለው፤ ኪስ ማጠቢያ ነው።

ጥያቄ፦ ለጨርቅ ንግድ ጓንግዡ የሚመላለስ የመርካቶ ነጋዴ፦ የፋብሪካው ባለቤት ይጋብዘዋል፣ ሳህኑን በጨረሰ ቁጥር ይሞላበታል። "እንደ እናቴ ነው የሚያደርገኝ። እንዴት ላስቆመው?"

መልስ፦ ሳህንህን አትጨርስ፣ ወንድሜ። ባዶ ሳህን "ጨምሩልኝ" ይላል። ትንሽ አስቀር፣ ቀስ ብለህ ብላ፣ ሻይህን ያዝ። ለእሱም ለማንሣት ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጋራ ቾፕስቲክ ተጠቀም። ከፍ ባሉ ቤቶች ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ጥንድ ያቀርባሉ፤ አንዱ ለማንሻ፣ አንዱ ለአፍ። የራስህን ሩዝ ላይ አታቁመው፤ ለሙት የሚቆመውን ዕጣን ያስታውሳቸዋል። የሚዞረውን ጠረጴዛ ሰው እያነሣ እያለ አታዙረው። የተረፈውን "ዳባኦ" ብለህ ብታስጠቀልል ነውር የለውም፤ ቻይና በ2021 እ.ኤ.አ. የምግብ ብክነትን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። ቢል ሲመጣ አንዴ ሁለቴ ታገል፣ ከዚያ ተሸነፍለት። ይህንን ትግል ላንተ ማስተማር አይጠበቅብኝም።

ጥያቄ፦ የዶሮ እግር! ጥፍሩ ሁሉ! ሰው ይበላዋል?

መልስ፦ ይበላዋል። ከእኛ 12 ብልት ውስጥ ስለሌለ ነው የደነገጥሽው። ይጠበሳል፣ ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ በጥቁር ባቄላ ሶስ በእንፋሎት ይበስላል። ቆዳውን ትመጥጪና አጥንቱን ሳህንሽ ላይ ትተፊያለሽ። ካልፈለግሽ አትብይ፤ ለጎረቤትሽ ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ሩዙ የተጠቀለለበትን ቅጠልም በላሁት። ችግር አለው?

መልስ፦ የሎተስ ቅጠል ነው፤ አይበላም፣ ግን አይገድልም። ስንት ሰዓት እንዳኘክኸው ነው ማወቅ የምፈልገው።