«ባዶ ጥይት» ባዶ ነው?

አንድ የወታደር መለማመጃ ጥይት የሚሰበስቡ አንባቢ በየሳጥኑ ላይ ስም ሊለጥፉ ፈልገው እንዲህ ይጠይቃሉ፦ «ጮኾ ብቻ የሚቀረውን ‹ባዶ ጥይት› ልበለው? ጓደኛዬ ባዶ ጥይት ማለት ቀለህ ነው ብሎ ይሟገተኛል።»

ጓደኛዎ ተሳስተዋል። ግን አልፈርድባቸውም። ጣጣው ያለው «ጥይት» ላይ ነው። «ጥይት ጎረሰ» ስንል ቀለሁንም፣ ባሩዱንም፣ ጫፉንም ነው። «ጥይት መታው» ስንል ግን በርሮ የሄደውን ጫፍ ብቻ። ስለዚህ «ባዶ» ሲባል ምኑ እንደጎደለ አይለይም። ተተኩሶ የወደቀው ቀለህ ነው፣ አለቀ። («ቀለሃ» የሚሉም አሉ፤ አልጣላቸውም።)

እኔን «ባዶ» የሚያንገበግበኝ በሌላ ምክንያት ነው። ባሩድ የሞላው ነገር እንዴት ባዶ ይባላል? እ.አ.አ. በ1984 ጆን ኤሪክ ሄክሰም የተባለ አሜሪካዊ ተዋናይ በቀረጻ ቦታ እንዲህ ያለ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ጆሮ ግንዱ ላይ ደግኖ ለቀልድ ተኮሰ። የፍንዳታው ኃይል ለሞት አበቃው።

እናም የኔ ምርጫ «አረር-አልባ ጥይት» ነው። «አልባ» ከግዕዙ «አልቦ» የመጣ ነው። «አረር» ደግሞ በዓይኑ ዐ «ዐረር» ነው፤ እርሳስ፣ የጥይቱ ጫፍ የሚሠራበት ብረት ማለት። በዘጸአት 15፥10 የፈርዖን ሰዎች ባሕር ውስጥ የሰጠሙት እንደ ዐረር ነው። ጥይት ስለሚያቃጥል «አረረ» ከሚለው ግስ ወጣ የሚሉ አሉ። አይደለም! ያ «አረረ» የግዕዙ «ሐረረ» ነው፤ በሐመሩ ሐ። ፊደል ስናምታታ ዘርም እናምታታለን።

አንድ ተከራካሪዬ ታዲያ «ባዶ እግር»ን አመጣብኝ። እግሩ አለ፤ የጎደለው ጫማው ነው። ባዶ ጥይትም እንደዚያው፣ ጫፉ የጎደለው። መልስ አጣሁ። አሁንም የለኝም።

ይባስ ብሎ የኔው ቃል ሳጥንዎ ውስጥ ይሰነካከላል። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጠቀሙበት ፕላትስፓትሮነ 33 የተባለው ጮኾ ብቻ የሚቀር ጥይት ቀይ የተቀባ፣ ውስጡ ክፍት የእንጨት ጫፍ አለው። እንጨት እርሳስ አይደለምና «አረር-አልባ» እዚህ ያምራል። ግን ሰማያዊ ፕላስቲክ ጫፍ ያለው የአሜሪካኑ ኤም 862ም እርሳስ የለውም፤ ያም ሆኖ ዒላማ ይመታል። እሱን «የአጭር ርቀት መለማመጃ ጥይት» ይበሉት። «የልምምድ ጥይት» ካሉ ሁሉንም ያቅፍብዎታል፤ «መለማመጃ» ስመ መሣሪያ ስለሆነ ይሻለኛል። ባሩድም እሳት ጫሪም የሌለው፣ ብዙ ጊዜ ቀለሁ የተበሳ ወይም ቦይ የወጣለት ደግሞ «የማስተማሪያ ጥይት» ነው። «የውሸት ጥይት» የሚባል ካለ እሱ ነው። ለሚጮኸው ይህን ስም የሚሰጡትን ግን አልሰማቸውም።

ከስሙ በታች የቀለሁን ልክና ከሥሩ የታተመውን ምልክት ይጻፉ። አፉንም ይግለጹ፤ ጮኾ ብቻ የሚቀረው የአሜሪካኑ ኤም 200 ለምሳሌ አፉ እንደ አበባ ታጥፎ ሐምራዊ ቀለም ተቀብቷል። ስሙ ቢያከራክር እንኳ ዕቃው አይጠፋም።

ሳጥኑ ላይ እንግዲህ «ባዶ ጥይት» ብለው ይለጥፉ። ሰው ሁሉ የሚለው እሱን ነው፤ እኔም አንዳንዴ ያመልጠኛል። ለኔ ሲጽፉልኝ ግን፣ እባክዎ፣ «አረር-አልባ»።