ሐምሌ ሲገባ ነገር ዓለሙ ያስጠላኛል

ጥያቄ፦ ከመተሐራ ለሥራ ደሴ ከመጣሁ ሁለተኛ ክረምቴ ነው። ሐምሌ ሲገባ ነገር ዓለሙ ያስጠላኛል። ጠዋት መስኮት ስከፍት ጉም ብቻ ነው፣ የጦሳ ተራራ እንኳን አይታይም። ያጠብኩት ሹራብ አራት ቀን ተሰቅሎም እርጥብ ነው። ከሥራ እንደገባሁ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ እስከ ሌሊት ስልኬን እነካካለሁ፣ ጠዋት መነሳት ያቅተኛል። ጓደኞቼ «ጫት ሞክሪ፣ ሙድሽ ይስተካከላል» ይሉኛል። ብርዱ ነው ወይስ ችግሩ እኔው ነኝ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ችግሩ አንቺ አይደለሽም። እዚሁ ተወልጄ ያደግኩት እኔም ነሐሴ ላይ ሰው ማየት የሚያስጠላኝ ቀን አለ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ልንገርሽ። እኛ ዘንድ በክረምት ቀኑ አያጥርም። ኖርዌይ ሰሜን ጫፍ ላይ በክረምታቸው ፀሐይ ለሳምንታት ጭራሽ አትወጣም። ደሴ ግን በሐምሌ ቀኑ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ፀሐይ ፍንትው ከምትልበት ከታኅሣሥ እንኳን አንድ ሰዓት ያህል ይረዝማል። ብርሃኑን የሚወስድብን ደመናውና ጉሙ ነው፣ እኛም በር ዘግተን እንቀመጣለን። ሰውነታችን ደግሞ የመንቂያና የመተኛ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በተለይ በዓይን በሚገባው የጠዋት ብርሃን ነው። እሱ ሲጎድል እንቅልፍ ይዛባል፣ ሙድም ይከተላል። ጉም በዋጠው ጠዋት እንኳን የውጭው ብርሃን ከክፍልሽ አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ እንደተነሳሽ ጃኬትሽን ደርበሽ፣ ጃንጥላሽን ይዘሽ ግማሽ ሰዓት ውጪ። ባጃጁን ተይውና ሥራ በእግርሽ ሂጂ። ስልኩን ማታ ከአልጋው ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው።

ጫቱን እባክሽ አትጀምሪው። ምርቃናው ጥቂት ሰዓት ነው፣ ሲወርድ የሚመጣው ድብርት ይብሳል፣ ሌሊቱንም እንቅልፍ ይነሳሻል፣ ያንቺ ዋናው ችግር ደግሞ እንቅልፉ ነው።

ወሎ ተቀምጠሽ ቡና ብቻሽን አትጠጪ! የጎረቤት ቡና ሲሸትሽ አትሽኮርመሚ፣ ግቢ። አቦል ጠጥተሽ አትሩጪ፣ እስከ በረካው ተቀመጪ፣ ወሬ ባይኖርሽም ቆሎሽን እየቆረጠምሽ ስሚ። የምሽቱ ቡና ግን ይቅርብሽ። ደግሞ ብርዱን ፈርተሽ የከሰል ፍም ያለበትን ምድጃ ክፍል አስገብተሽ፣ በር ዘግተሽ እንዳትተኚ፣ ይገድላል።

«ክረምት ነው፣ ያልፋል» በሚሉት አልስማማም። ድብርቱ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቆየ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ሥራሽንም ካስተጓጎለብሽ፣ መስከረምን አትጠብቂ። ድባቴ ሊሆን ይችላል፣ ሕክምና ያለው በሽታ ነው። ሆስፒታል ሄደሽ የአእምሮ ጤና ክፍል ብለሽ ጠይቂ። ጠበል ወይም ዱዓ የምታዘወትሪ ከሆነ እሱንም ቀጥዪ፣ ከሐኪሙ ጋር አይጣላም። ሞት የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ያን ቀን ብቻሽን አትደሪ። ለአንዲት የምታምኛት ሰው ንገሪያትና ተያይዛችሁ ሂዱ።